የደቻቱ ሁለት ዳርቻዎች፦ የድሬዳዋ አቀያየስና የእኩልነት ጥያቄ



ስለ ሥነ ሕንጻና ስለ እኩልነት ሲነሣ ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በሕንጻው ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከሕንጻው በፊት ስለሚሰመረው መሥመር ልናገር እወዳለሁ። አስረጅ የማደርጋትም ድሬዳዋን ነው።

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት እጅግ ውድ ሆኖበት፣ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ደረሰ። የባቡር ኩባንያው ከደቻቱ ወንዝ በስተ ምዕራብ ከዚራን ቀየሰ፤ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ በዛፍ የተጠለሉ መንገዶች፣ ሰፋፊ ግቢዎች። በምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ መጋላ በነጋዴው፣ በወዛደሩና በእደ ጥበብ ባለሙያው ጉልበት አደገ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡና ሕንዱ ጎን ለጎን ሠፈሩ። ኩባንያው አልቀየሰውም ማለት ግን ጥበብ አልነበረውም ማለት አይደለም። የመጋላ ጠባብ መተላለፊያዎች በቆላው ፀሐይ ለእግረኛ ጥላ ይሰጣሉ። ልዩነቱ የውበት አልነበረም፤ ጎዳናው፣ ዛፉና ሰፊው ቦታ ለማን አስቀድሞ ታሰበ የሚል ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የቤት ኪራይም ቀነሰ። ለተከራዩ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ሆኖም አዋጅ የባለቤቱን ስም ይለውጣል እንጂ ቤቱን ከቆመበት ስፍራ አያነሣውም።

የዚህ ትርጉም በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በግልጽ ታየ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ ከደጋው በወረደ ዝናብ በሌሊት ሞላ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙ ሺሕ ሰዎችም ተፈናቀሉ። ዝናቡ የተፈጥሮ ነው። በወንዙ ዳር በዝቅተኛው ስፍራ ማን እንዲኖር እንደ ተገደደ ግን የታሪክና የአቀያየስ ጉዳይ ነው። ድኻ ወደ ወንዝ ዳር የሚጠጋው አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ለገበያውና ለሥራው ቅርብ የሆነና አቅሙ የሚፈቅደው ቦታ እርሱ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ከሥራው ርቆ የሚሠፍር ቤተ ሰብ ከጎርፍ ቢድንም እንጀራውን ሊያጣ ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፤ ቤቶችን በቁጥር ማብዛት ብቻውን እኩልነትን አያመጣም። የአንድን የመኖሪያ ሠፈር ንድፍ ስትመረምሩ የፊት ገጽታውን ከማየታችሁ በፊት በውሃው መውረጃ ካርታ ላይ አኑሩት፤ ቀጥሎም ነዋሪው ወደ ሥራው በእግሩ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ጠይቁ።