የቤት አየር ታሪክ፤ ከሣር ክዳን እስከ መስተዋት ግድግዳ፤ በለገጣፎና በአዲስ አበባ ዙሪያ

መግቢያ

ያንድ አገር የቤት አሠራር ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጣሪያውና ስለ ጌጡ ነው። በቤቱ ውስጥ ስለሚኖረው አየር የሚያነሣ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም አየር አይታይም፤ ዋጋም አይከፈልበትም። ይሁን እንጂ ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት፣ ያለ ውሃ ቀናት ሊቆይ ሲችል ያለ አየር የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ፣ የቤትን ታሪክ በአየሩ በኩል መመርመር ከንቱ ድካም አይደለም።

ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ለገጣፎ ለዚህ ምርመራ የተመቸች ናት። በዙሪያዋ ባለው ገጠር እየጠፋ የሚሄደው የሣር ጎጆ፣ ከመንገዱ ዳር የጭቃና የቆርቆሮ ቤት፣ ቀጥሎ የብሎኬት ቤት፣ ከዚያም በአጥር የተከለለ ቪላና በመስተዋት የተሸፈነ ፎቅ ይገኛሉ። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለችው ይህች ከተማ፣ የብዙ ዘመን የቤት ታሪክ ባንድ መንገድ ዳር ተሰልፎ የሚታይባት ስፍራ ናት ለማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። የጥንቱ ቤት ማንም ሳያስብለት በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ቤት ቀዳዳውን እየደፈነ ሄደ፤ በተደፈነው ቀዳዳ ፈንታ ግን ሌላ የአየር መንገድ ሳይበጅለት ቀረ።

አየር በቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት

አየር ያለ መሣሪያ ወደ ቤት የሚገባውና የሚወጣው በ2 ኀይሎች ነው። አንደኛው ነፋስ ነው፤ ነፋስ የቤቱን ፊት ሲገፋና ጀርባውን ሲስብ፣ በ2 ወገን መስኮት ያለው ክፍል አየሩን ይለውጣል። በ1 ወገን ብቻ መስኮት ያለው ክፍል ግን ነፋሱ መውጫ ስለማያገኝ ብዙ አይጠቀምም። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ የሞቀ አየር ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ በላይ መውጫ ካገኘ ከታች ቀዝቃዛውን አየር ይስባል። ይህ ኀይል የሚበረታው በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው ከፍታ፣ እንዲሁም በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በጨመረ መጠን ነው። ከቆላ ይልቅ ደጋ ሌሊቱ ብርዳም ስለ ሆነ ይህ ሁለተኛው ኀይል በደጋ ቤት ውስጥ ሊናቅ የማይገባው ነው።

የሣር ጎጆ

የሸዋ ደጋ ጎጆ ክብ ነው፤ ግድግዳው በማገር ታስሮ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው በምሰሶ የተደገፈና በሣር የተከደነ ነው። መስኮት አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ የጭስ ማውጫም የለውም። የውጭ አገር መንገደኞች ይህን አይተው አየር የሌለው ቤት ነው ብለው ፈርደዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን ፍርዱ በከፊል ብቻ እውነት ሆኖ ይገኛል። ከምድጃው የሚነሣው ጭስ ወደ ጣሪያው ሾጣጣ ይሰበሰባል፤ ከዚያም በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይወጣል። በማለዳ ከሩቅ ሲታይ ጎጆው ሁሉ የሚጤስ የሚመስለው ስለዚህ ነው። ጭሱም በከንቱ አይባክንም፤ ሣሩን ያደርቃል፣ ነፍሳትን ያባርራል፣ በላይ የተሰቀለውንም የዘር እህል ከነቀዝ ይጠብቃል።

ይህ ማለት ግን ጎጆ ለጤና የተስማማ ቤት ነበረ ማለት አይደለም። ጭሱ ከመውጣቱ በፊት በእናቶችና በሕፃናት ዐይንና ሳንባ ላይ ያልፋል፤ በጣሪያው ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ የዚሁ ምስክር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በግምቱ እንዳስታወቀው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ከቤት ውስጥ ማገዶ ጭስ የተነሣ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ጎጆው የሚመሰገነው ጭሱን አጥርቶ በማስወጣቱ ሳይሆን፣ አየሩ ፈጽሞ እንዳይዘጋ በማድረጉ ነው።

የቆርቆሮ ዘመን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የድንኳንና የሣር ቤት ከተማ ነበረች። የቤቱን አሠራር የለወጠው ቆርቆሮ ነው። በመጀመሪያ በእንስሳ ጀርባ እየተጫነ ከጠረፍ ይመጣ ስለ ነበረ የመኳንንት ዕቃ ነበር፤ የጂቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን ማጓጓዙ ቀለለ። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ ዝናብም አያስገባም፤ በየጊዜው ሣር ከመለወጥም ያሳርፋል።

ይሁን እንጂ ቆርቆሮ ጭስ አያሳልፍም። ሌሊት ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝም የተኛው ሰው እስትንፋስ ከሥሩ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። ይህን ለመከላከል በብዙ ቤት ከጣሪያው በታች የአቡጀዲ ኮርኒስ ተወጠረ። ኮርኒሱ ቤቱን አሳመረ፤ ሙቀቱንም ጠበቀ፤ ነገር ግን አየር ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ዘጋ። እሳቱም ከቤት ወጥቶ ከጓሮ ወደሚሠራ ማድ ቤት ተዛወረ። ይህ መልካም መፍትሔ ነበር፤ ሆኖም መልካምነቱ ለሳሎኑ እንጂ በማድ ቤቱ እንጀራ ለምትጋግረው ሴት አልነበረም።

በዚያው ዘመን የተሠሩት ትላልቅ ቤቶች የተለየ ትምህርት ይሰጣሉ። በ1898 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመ የሚነገርለት የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልና መሰሎቹ የመኳንንት ቤቶች ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ረዣዥም መስኮትና ሰፊ በረንዳ አላቸው። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ከፍ ያለው ጣሪያ የሞቀውን አየር ከሰው ራስ በላይ ያርቃል፣ በረንዳውም ዝናብ ሳያስገባ መስኮት እንዲከፈት ያደርጋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ጊዜም ፐርሲያና የሚባለው የእንጨት መስኮት በብዙ ቤት ገባ፤ እርሱም ተዘግቶ ሳለ አየር ያስገባል።

የመሣሪያ አየር

በመሣሪያ አየር ማናፈስ በአውሮፓ የተጀመረው ብዙ ሰው ባንድነት በሚሰበሰብበት ስፍራ ነው። ዮሐን ዴሳጉልየ የሚባል ሊቅ በ1730ዎቹ እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ምክር ቤት በሰው እጅ የሚዞር ማራገቢያ ሠራ። በ1858 እ.ኤ.አ. የሙኒኩ ሐኪም ማክስ ፔተንኮፈር የክፍል አየር መበላሸቱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መለካት እንደሚቻል አስረዳ፤ ከ1,000 እጅ 1 እጅ እንዳያልፍም መከረ። በ1902 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር በብሩክሊን ለነበረ ማተሚያ ቤት የአየሩን እርጥበትና ሙቀት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነደፈ።

በአገራችን ይህ ጥበብ የገባው ከትላልቅ አዳራሾችና ከፋብሪካዎች ጋር ነው። በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለ ሕንፃ፣ ጉባኤተኛውን ሁሉ በመስኮት ብቻ ሊያስተነፍስ አይችልም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብም 11ኛውን ክፍል ለአየር ማናፈሻ ሰጥቶታል። እንግዲህ የጐደለው ዕውቀት አይደለም፤ ዕውቀቱ ከባንኩና ከሆቴሉ አልፎ ወደ ተራው ሰው ቤት አለመድረሱ ነው እንጂ።

በዚህ ስፍራ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በድሬዳዋ ቬንትሌተር በየቤቱ ሲታይ በአዲስ አበባና በለገጣፎ ብርቅ የሆነው ስለ ምንድነው? መልሱ በአየር ጠባዩ ይገኛል። የቆላ ሰው አየር የሚፈልገው ለመቀዝቀዝ ነው፤ ገላው ራሱ መስኮት ክፈት ይለዋል። የደጋ ሰው ገላ ግን መስኮት ዝጋ ይላል። ለገጣፎ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ሌሊቷ ብርዳም ነው። በዚህ ላይ «ብርድ መታኝ፣ ምች መታኝ» የሚለው የቆየ ፍርሃት ተጨምሮ፣ በአውቶቡስ እንኳ መስኮት የሚከፍት ሰው ይቈጡታል።

የሐኪሞች ምስክርነት

ይህ ልማድ ከሕክምና ትምህርት ጋር ከተጋጨ ቆይቷል። በእንጦጦ ተራራ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ሲቋቋም፣ ንጹሕ አየር የዚህ በሽታ ሕክምና አንዱ ክፍል ሆኖ ይቈጠር ነበር። መድኀኒት ከተገኘ በኋላም አየር ዋጋውን አላጣም፤ የበሽታው ዘር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ ይችላልና።

በ2007 እ.ኤ.አ. በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ታትሞ ወጥቶ ነበር። በጥናቱ መሠረት መስኮታቸው ሲከፈት፣ ከፍ ያለ ጣሪያና ትልቅ መስኮት ያላቸው የቀድሞ ክፍሎች አየራቸውን በሰዓት 40 ጊዜ ያህል ሲለውጡ፣ አዲሶቹ 17 ጊዜ ያህል ለወጡ፤ በመሣሪያ የሚናፈሱት ክፍሎች የሚለውጡት ደግሞ 12 ጊዜ ነበር። ከ2 ዓመት በኋላ የዓለም የጤና ድርጅት ለሆስፒታሎች በተፈጥሮ አየር ስለ ማናፈስ መመሪያ አወጣ፤ በተራ መኝታ ክፍልም ለያንዳንዱ በሽተኛ በሰከንድ 60 ሊትር አየር እንዲገባ መከረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን ከተገለጸ በኋላ መስኮት ክፈቱ የሚለው ምክር ከሐኪም ቤት አልፎ ለሕዝቡ ሁሉ ተሰማ። ዳሩ ግን ፍርሃቱ ሲበርድ ብዙው መስኮት ተመልሶ ተዘጋ።

ያሁኑ ቤት

አሁን በለገጣፎና በዙሪያው የሚሠራው ቤት ከቀድሞው ሁሉ ይልቅ የተደፈነ ነው። ብሎኬቱ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ የአሉሚኒየሙ መስኮት ሲዘጋ ነፋስ አያሳልፍም። በሰፊው ቪላ ውስጥ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ክፍሉ ሰፊ፣ ነዋሪው ጥቂት ነውና። ችግሩ የሚታየው ከቪላው ጀርባ በተሠራው ሰርቪስ ቤት ነው። እዚያ አንድ በርና አንድ ትንሽ መስኮት ባለው ክፍል አንድ ቤተ ሰብ ተከራይቶ ይበላል፣ ያበስላል፣ ይተኛል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ከሰል ነው። ከሰል ከተቀጣጠለ በኋላ ጭስ ስለማያሳይ ንጹሕ እሳት ይመስላል፤ ስለዚህ ብርድ ሲበረታ ምድጃው ወደ መኝታ ይገባል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደምም ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኀይል ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ ጉዳቱ ይብሳል። በሣር ጎጆ ውስጥ ይኸው ከሰል ቢነድ መርዙ በክዳኑ በኩል ሊያመልጥ ይችል ነበር፤ በተለሰነ ክፍል ውስጥ ግን የተኙትን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ቤቱ በተሻለ መጠን አደጋው መጨመሩ የዚህ ታሪክ መራራ ፍሬ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደታየው ችግሩ የድህነት ብቻ ወይም የድንቁርና ብቻ ውጤት አይደለም። እያንዳንዱ ዘመን ካለፈው ዘመን የወረሰውን ጉድለት ሲያርም፣ ዝናቡን፣ እሳቱን፣ ብርዱን አንድ በአንድ ከለከለ፤ ከነዚህ ጋር አብሮ የተከለከለውን አየር ግን አላስተዋለም። መድኀኒቱ ውድ መሣሪያ መሆን አይገባውም። ብርሃን በሚያስገባው መስኮት ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሊዘጋ የማይችል ጠባብ የአየር መውጫ፣ ከበሩ በታችም መግቢያ ቢተው ግንበኛው ወጪው ጥቂት ነው። ሞተር የሚያስፈልገው ይህ ለማይበቃበት ለማድ ቤት፣ ለፋብሪካና ለአዳራሽ ነው። ይህ ቀዳዳ ከሰልን ወደ መኝታ ለማስገባት ፈቃድ አይሆንም፤ ከሰልስ ምን ጊዜም ስፍራው ከደጅ ነው። ማዘጋጃ ቤቶች የቤት ንድፍ ሲያጸድቁ ከቪላው አልፈው ሰርቪስ ቤቱን እንዲመለከቱ፣ የምሕንድስና ተማሪዎችም በዚህ ጉዳይ ላይ እየለኩ ምርመራ እንዲያደርጉ ማሳሰብ የዚህ ጽሑፍ የመጨረሻ ዓላማ ነው።