«እኔ ነኝ ያታለልኳቸው» ያለን ሰው እንዴት እንመዝነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ የዚምባብዌ ተማሪዎች አየን ያሉት ዩፎ ፌክ መሆኑ ታወቀ አይደል? ያታለላቸው ልጅ ራሱ አምኗል እኮ» ይላል። «አልታወቀም» ብዬ በአንድ ቃል ልመልስለት እችል ነበር። ችግሩ፣ «ፌክ መሆኑ አልታወቀም» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «እንግዲያው እውነት ነው» የሚለውን ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። የታሪክ ሰው ሥራው ደግሞ እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1994 ነው፤ በእኛ መስከረም 6 ቀን 1987 ዓ.ም፣ ዓርብ። ቦታው ሩዋ፣ ከዚምባብዌ ዋና ከተማ ከሐራሬ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ። ትምህርት ቤቱ ኤሪየል የሚባል የግል አንደኛ ደረጃ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተዋል፣ መምህራኑ ስብሰባ ላይ ናቸው። ውጭ የነበረችው ትልቅ ሰው የትምህርት ቤቱን ሱቅ የምትጠብቅ አንዲት የተማሪ እናት ናት።

ልጆቹ እየጮኹ ተመለሱ። ከግቢው ባሻገር ካለው ቁጥቋጦ አጠገብ የሚያብረቀርቅ ነገር አርፏል፤ ጥቁር የለበሱ፣ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ፍጡራንም አሉ አሉ። ለባለ ሱቋም ነገሯት፤ ሱቁን ጥላ አልሄደችም። አየን ያሉት ልጆች 62 ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት። እዚያው ግቢ ሆነው ምንም ያላዩ ልጆችም ነበሩ። ያዩትን ሁሉም በአንድ ስም አልጠሩትም። አንዳንዶቹ ትንንሽ ልጆች በአካባቢው አፈ ታሪክ የሚታወቀው ቶኮሎሺ የሚባለው ክፉ መንፈስ መጣብን ብለው ፈርተው ነበር። እኛ አገር ቢሆን ጋኔን ነው ባልን ነበር።

በቀናት ውስጥ የቢቢሲው ቲም ሊች ሄዶ ቀረጻቸው። ሲንቲያ ሂንድ የምትባል የዩፎ ጉዳይ ተመራማሪም ሄደች፤ ልጆቹ ያዩትን በሥዕል እንዲያስቀምጡ ተደረገ። ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ደግሞ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ማክ መጣና አነጋገራቸው። ማክ ተራ ሰው አይደለም፤ ስለ ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ በጻፈው የሕይወት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1977 የፑሊትዘር ሽልማት ወስዷል። ነገር ግን በባዕድ ፍጡራን ተወሰድን ስለሚሉ ሰዎች መጻፍ ከጀመረ በኋላ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን እስከ መመርመር ደርሷል።

ታሪኩ እንዲህ ሆኖ 29 ዓመት ቆየ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2023 ኔትፍሊክስ «ኢንካውንተርስ» የሚል ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም አወጣ። በዚያ ፊልም በጊዜው የትምህርት ቤቱ ተማሪ የነበረ አንድ ሰው ቀርቦ፣ ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ አለ። ከክፍል ለመቅረት ፈልጎ፣ ራቅ ብሎ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አሳይቶ ዩፎ ነው እንዳላቸው፣ የቀረውን ድንጋጤው እንደሠራው ተናገረ። ኢንተርኔቱም ወዲያው «ተዘጋ! ፌክ ነው!» አለ።

እስቲ በፋብሪካ ቋንቋ ልናገር፤ ጠያቂዬ ይገባዋል። በአንድ የስፌት ላይን 60 ሸሚዝ አንገትጌው ተጣሞ ተገኘ እንበል። ቆይቶ አንድ ሠራተኛ መጥቶ «እኔ ነኝ፣ ለቀልድ ያደረግኩት ነው» ቢል፣ ሥራውን የሚያውቅ ሱፐርቫይዘር «በቃ ተዘጋ» አይልም። የትኛው ማሽን ላይ ነበርክ? በየትኛው ፈረቃ? አንተ የምትሰፋው እጅጌ ከሆነ አንገትጌው በምን ተጣመመ? ብሎ ይጠይቃል። «አጭበርብሬያለሁ» የሚል ቃልም እንደማንኛውም ቃል ማስረጃ ይጠየቅበታል። ጥርጣሬያችንን ስለሚያስደስት ብቻ በነፃ አያልፍም።

እኔ ሦስት ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛው ጊዜ ነው። የልጆቹ ቃልና ሥዕል የተያዘው በቀናት ውስጥ ነው። የሰውየው ቃል የመጣው ከ29 ዓመት በኋላ፣ ካሜራ ፊት ነው። ለአንድ ክስተት ቅርብ የሆነ መዝገብ ከሩቅ ትዝታ ይበልጣል፤ ይህ የታሪክ ትምህርት ሀሁ ነው። ግን ሚዛኑን ወዲያም ወዲህም እኩል እንያዝ። ዛሬ ጎልማሳ ሆነው «አይተናል፣ አንክድም» የሚሉት የቀድሞ ተማሪዎችም የሚናገሩት ከዚያው ርቀት ላይ ሆነው ነው። የሱን ትዝታ በእርጅናው ከጠረጠርን የነሱንም እንጠርጥር። ስለዚህ የሁለቱንም የዛሬ ቃል ወደ ጎን አድርገን ወደ 1987ቱ መስከረም እንመለስ።

ሁለተኛው ልክ ነው፤ ማብራሪያው ለተፈጠረው ነገር ይበቃል ወይ? የሚያብረቀርቅ ድንጋይና አንድ ጩኸት፣ ልጆች ለምን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሮጡ ያስረዳል። የሚንቀሳቀሱትን ፍጡራን፣ ትልልቅ ዓይኖቹን፣ ከሰባትና ስምንት ዓመት ልጅ አፍ የወጣውን ዝርዝር ግን ብቻውን አይሸከምም። ሌላ ነገር መጨመር አለበት። የሚጨመረውም ነገር አለ፤ እሱም ቀልደኛ አያስፈልገውም። ከሁለት ቀን በፊት፣ መስከረም 4 ማታ፣ በደቡባዊ አፍሪካ ሰማይ ላይ ትልቅ የእሳት ብርሃን አልፏል። ኮስሞስ 2290 የምትባለውን የሩሲያ ሳተላይት ያመጠቀው የዜኒት ሮኬት ቅሪት ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ሲቃጠል ነበር። ብዙ ሕዝብ አይቶታል፤ አገሩ ሁሉ ስለ ዩፎ ያወራ ነበር። ዓርብ ዕለት ወደ ግቢው የወጡት ልጆች ይህን ወሬ ሰምተው የወጡ ልጆች ናቸው።

በዚህ ላይ የምርመራውን መንገድ ጨምሩበት። ሂንድ ልጆቹን ያነጋገረቻቸው በቡድን ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። አስተማሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ልጅ «ዓይኑ ትልቅ ነበር» ካለ አሥሩ «አዎ ትልቅ ነበር» ይላሉ። ፍጡራኑ ተፈጥሮን እንዳናጠፋ አስጠነቀቁን የሚለው መልእክትም ጎልቶ የወጣው ማክ ካነጋገራቸው በኋላ እንደሆነ ተቺዎች ያነሳሉ። ማክ ራሱ ለአካባቢ ጉዳይ ተቆርቋሪ ነበር። ጠያቂ ሳያውቀው መልስ ያስተምራል። መሬት ላይ የቀረ አሻራ፣ የተነሳ ፎቶም የለም።

ሦስተኛው ሚዛን ለእኔ ዋናው ነው፤ ማን ዋሸ? እሺ፣ ሰውየው ያለው ሁሉ ልክ ነው እንበል። አንድ ልጅ ዋሽቷል። የቀሩት ልጆችስ? እነሱ አልዋሹም! ደንግጠዋል፣ አልቅሰዋል፣ ያመኑትን ተናግረዋል። በ1962 እ.ኤ.አ. በያኔዋ ታንጋኒካ፣ ካሻሻ በሚባል የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከጥቂት ተማሪዎች የጀመረ ሳቅ ከ159 ተማሪዎች 95ቱን ይዞ፣ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ አላቆመም። እነዚያ ልጆች አላስመሰሉም፤ መሳቅ ማቆም አቅቷቸው ነበር። ድንጋጤም እንደዚያው ከሰው ወደ ሰው ይጋባል። «ፌክ» የሚለው ቃል ግን ይህን ሁሉ ጨፍልቆ 62 ሕፃናትን ውሸታም ያደርጋቸዋል። የትልቅ ሰው ኑሮ ይዘው እስከ ዛሬ የሚሳለቅባቸው አለ። ወላጅም መምህርም የሆነ ሰው ይህ ሊከነክነው ይገባል።

የእኛ አገር ታሪክ ለዚህ ትልቅ ምሳሌ አለው። ጄምስ ብሩስን ታስታውሳላችሁ፤ ክፍል ውስጥ አንስተነዋል። ስኮትላንዳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ ገብቶ፣ በ1770 ጎንደር ደርሶ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ግሽ ዓባይ ቆመ። አገሩ ተመልሶ ያየውን ሲናገር ለንደን ሳቀችበት። ኢትዮጵያውያን ጥሬ ሥጋ ይበላሉ፣ ከቁም ከብት ላይ ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ማለቱ መሳለቂያ አደረገው። ራሱ ኢትዮጵያን ሳያይ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን ሳይቀር ተጠራጠረው። አምስት ቅጽ መጽሐፉን በ1790 ሲያሳትምም ሳቁ አልቆመም።

እውነቱ ምን ሆነ? ጥሬ ሥጋውማ ለእኛ ለአዳማ ሰዎች ማስረጃ አያስፈልገውም። ከቁም ከብት መቁረጡንም ቢሆን፣ በብሩስ ላይ ብዙ ስህተት የለቀመው ሄንሪ ሶልት ራሱ በሁለተኛ ጉዞው አረጋገጠለት። ይዟቸው የሄዳቸው የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችም እዚህ ለመኖሩ በቂ ምስክር ናቸው። ግን ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም፤ ብሩስ ዋሽቷልም! ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ግሽ ዓባይ ነበር። ብሩስ ክብሩን ብቻውን ለመውሰድ ሲል ባሉጋኒ ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ።

እንግዲህ ሰውየው በምን ይመደባል? ውሸታም ነው ያሉት በዋናው ነገር ተሳሳቱ፤ ሁሉን ያመኑትም ቢሆኑ በባሉጋኒ ጉዳይ ይታለሉ ነበር። ትክክል የሆኑት እያንዳንዱን ቃል ለብቻው አንሥተው የመዘኑት ናቸው። አንድ ቦታ መዋሸቱ ሌላውን አላፈረሰበትም፤ አንድ ቦታ እውነት መናገሩም ለሌላው ዋስ አልሆነለትም።

ይህ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጥር 2017 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ጭራውን እየጎተተ የሚያልፍ እሳት የታየበትን ቪዲዮ አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። በዚያው ሰሞን ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ አላርፍ ብሎ፣ የአዋሽና የመተሐራ ሰው ከቤቱ ውጭ ሲያድር፣ እዚህ አዳማም ንዝረቱ ይሰማን ነበር። ቪዲዮው ሲለቀቅ ፌስቡክ ወዲያው ሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ፌክ ነው፣ ኮምፒውተር የሠራው ነው» አለ፤ ግማሹ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» አለ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ግን የሕዋ ፍርስራሽ ወይም የሜትዮር አለት ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ያዩት ሰዎች በእርግጥ አይተዋል። የታየው ደግሞ የሰማይ ቁጣ መሆን አላስፈለገውም።

እንግዲህ በኤሪየል ጉዳይ ምን እላለሁ? የማጭበርበር ማብራሪያው በቀረበበት መልክ ሚዛን አያነሳም፤ የመጣው ዘግይቶ ነው፣ የሚያስረዳውም ጩኸቱን እንጂ ታሪኩን አይደለም። የባዕድ ፍጡራን ማብራሪያም ሚዛን አያነሳም፤ ከሕፃናት ቃል ሌላ የሚቆምበት መሬት የለውም፣ ቃሉም የተሰበሰበው በጥንቃቄ አይደለም። የሚያስኬደኝ መሐል መንገዱ ነው፦ ሰማይ ላይ እሳት ባየ፣ ወሬ በሞላው ሳምንት፣ ልጆች አንድ እንግዳ ነገር አዩ፤ ፍርሃቱ ተጋባ፤ የጠያቂዎቹ አጠያየቅም ቅርጽ ሰጠው። ነገሩ ድንጋይ ይሁን ሌላ፣ ለዚህ ማብራሪያ ማንም ውሸታም መሆን የለበትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል የአገራችን ሰው። ልክ ነው፤ ግን እያደር የሚጠራው በጊዜው መዝግቦ ያስቀመጠ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ነገ ከትምህርት ቤት መጥቶ እንግዳ ነገር አየሁ ቢላችሁ፣ «ውሸታም!» አትበሉት፤ «ጉድ! ጉድ!» ብላችሁም አታራግቡለት። ለብቻው አስቀምጡት፣ ምን አየህ በሉት፣ ያለውን በራሱ ቃል ጻፉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀምጡ። ከዚያ የጓደኛውን ቃል እሱ ሳይሰማ ጠይቁ።

ሼር ማድረጉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።