ትኩስ ሰንበት፣ ቀዝቃዛ ሰንበት

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 35 በሰንበት ቀን በየቤቱ ስለሚነድ እሳት የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ክርክሩ ግን ብዙ ዘመን ወስዷል። በአማርኛ ብናስበው ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል። የተከለከለው እሳት «ማንደድ» ነው ወይስ የእሳት «መንደድ»? ማንደድ ከሆነ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተያያዘ እሳት ቅዳሜንም ድስት ሲያሞቅ ሊውል ይችላል። መንደድ ከሆነ ግን ምድጃው ዓርብ ማታ ይጠፋል፤ ምግቡም ቀዝቅዞ ይበላል።

ረቢዎቹ የመጀመሪያውን መረጡ። በ200 ዓ.ም. ገደማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) የተጠናቀረው ሚሽና በዚህ ጉዳይ ቀጥ ብሎ ማጀት ይገባል። ምድጃው በገለባ የነደደ ከሆነ የበሰለ ምግብ ይጣድበታል፤ በእንጨት የነደደ ከሆነ ግን ፍሙ ካልተጠረገ ወይም አመድ ካልተነሰነሰበት አይጣድበትም። ባለቤቱ ዘንግቶ ፍሙን እንዳይቆሰቁስ ተሰግቶ ነው። ከምድጃው የወረደን ድስት ስለ መመለስ ደግሞ የሻማይና የሂሌል ወገኖች ተከራከሩ። የፊተኞቹ ማውረድ እንጂ መመለስ የለም ሲሉ፣ የኋለኞቹ መመለስም ይቻላል አሉ። የጥብርያዶስ ሰዎች ያደረጉት ደግሞ ፈገግ ያሰኛል፦ የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧ በፍል ውኃ ምንጭ ውስጥ አሳልፈው ያለ እሳት የሞቀ ውኃ አገኙ። ሊቃውንቱ ግን ይህንንም ከለከሉ።

የኋላ ሊቃውንት «ከበሰለ በኋላ መብሰል የለም» የሚል ደንብ ያዙ። ይህ ለደረቅ ምግብ ነው፤ መረቅ ያለው ወጥ ከቀዘቀዘ እንደገና ማፍላቱ ማብሰል ነው ሲል ዮሴፍ ካሮ በ1565 በቬኒስ በታተመው «ሹልሐን ዓሩክ» ጻፈ። የክራኮው ሙሴ ኢሰርለስ ግን ፈጽሞ ካልቀዘቀዘ የማላላት ልማድ አለ አለ።

ሁለተኛውን መንገድ የያዙ ነበሩ። በስምንተኛው መቶ ዘመን የተነሣው አናን ቤን ዳዊትና ከእርሱ በኋላ የመጡት ቀራውያን የረቢዎችን ቃል ትተው በመጽሐፉ ብቻ ቆሙ፤ ሰንበታቸውም መብራትና ትኩስ ምግብ የሌለበት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ትኩስ ወጥ የቀለብ ነገር ብቻ መሆኑ ቀረ። በ12ኛው መቶ ዘመን ዘራህያ ሃሌዊ በሰንበት ትኩስ የማይበላ ሰው በመናፍቅነት ሊጠረጠር እንደሚገባ ጻፈ። በስፔን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ከዓርብ ጀምሮ በረመጥ የተቀበረው የአይሁድ ወጥ፣ አዳፊና፣ በግድ ክርስቲያን በሆኑት ላይ በኢንኩዊዚሲዮን ፊት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ምስክሮቹ ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። (ስሙ ከዐረብኛው «ደፈነ»፣ ማለትም ቀበረ፣ የመጣ ነው። እሳት «ማዳፈን» ለምንል ለእኛ ቃሉ ባዳ አይደለም።)

ይህ ሁሉ ሲሆን በሰሜን፣ በወገራና በጎንደር ዙሪያ የሚኖሩት ቤተ እስራኤል ሚሽናንም ታልሙድንም አያውቁም ነበር። የሚመሩት በኦሪት፣ በመጽሐፈ ኩፋሌና ጆሴፍ አሌቪ በ1902 በፓሪስ ባሳተመው በግዕዙ «ትእዛዘ ሰንበት» ነበር። ኩፋሌ በመጨረሻ ምዕራፉ በሰንበት እሳት የሚያነደውን በሞት ይቀጣል። ስለዚህ ዓርብ ዳቦው ተጋግሮ፣ ወጡ ተሠርቶ ያልቃል፤ እሳቱ ይጠፋል። ቅዳሜ የሚበላው ቀዝቃዛ ነው።

ይህን አለማወቅ ብሎ ማለፍ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው። ዘራህያ ቢያያቸው ኖሮ መናፍቅ ይላቸው ነበር። እነርሱ ግን ከረቢዎች ጋር የተጣሉበት ነገር አልነበረም፤ ክርክሩ ራሱ አልደረሳቸውም። ያላቸውን መጽሐፍ እንዳገኙት ጠበቁ።

በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል እስራኤል ከገቡት ብዙዎቹ ወጣቶች ወደ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። በዚያ የሚያስተምሩት የረቢዎችን ሕግ ነው፤ «ፕላታ» የሚሉት ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዓርብ ከሰዓት ይሰካል፣ የቅዳሜውም ምሳ ትኩሱን ከላዩ ይነሣል፤ ትኩስ መብላቱም ለሰንበት ክብር ነው። በእናቶቻቸው ቤት ይኸው ነገር ሰንበትን መሻር ነበር።