ስለ ታንጎ ዳንስ አመጣጥ

የባዕድ ዳንስ መማር የራስን መናቅ ነው የሚሉ አሉ። ስለዚህ የታንጎን ታሪክ በአጭሩ እንመርምር።

ታንጎ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቡዌኖስ አይሬስና በሞንቴቪዴዎ ድሀ ሰፈሮች የተወለደ ነው። ከአውሮፓ የፈለሱ ሠራተኞች፣ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆችና የአገሩ ተወላጆች በአንድነት ፈጠሩት። ባለጸጎቹ ሲንቁት ቆይተው፣ በ1913 እ.ኤ.አ. ገደማ ፓሪስ ስትወደው ተቀበሉት።

ተማሪው አስቀድሞ የሚለማመደው አካሄድን ነው። ጥንዶቹ ተቃቅፈው፣ የሚቀጥለውን እርምጃ ሳይወስኑ፣ እየተደማመጡ ይራመዳሉ። በእስክስታ ግን ሳይነካኩ በትከሻ ይነጋገራሉ።

በአገራችንም ቡና በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ከየአውራጃው የመጡትን ሠራተኞች ከቤንችና ከሸኮ ተወላጆች ጋራ አጎራብቷል። እዚያ አንዱ የጎረቤቱን ጭፈራ ቢማር የራሱን ጣለ አይባልም። ስለ ታንጎም ፍርዱ ይኸው ሊሆን ይገባል እንላለን።