ለፊኛ ካንሰር የሚሰጠው ቢሲጂ፦ ውጤቱን አስቀድሞ የሚጠቁመው ምንድን ነው?

የቂሊንጦ ስም ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ከተከለለው የኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር ይነሳል። ዛሬ የምናነሳውን መድኃኒት ግን ሁላችንም ከቤታችን እናውቀዋለን፤ በልጆቻችን ክንድ ላይ ጠባሳ የሚተወው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፣ ቢሲጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በካናዳ ዶክተር አልቫሮ ሞራሌስና ባልደረቦቹ ይኸው የተዳከመ ባክቴሪያ ፊኛ ውስጥ ሲጨመር የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩ እንዳይመለስ እንደሚያግዝ ጻፉ።

ሕክምናው የሚሰጠው ካንሰሩ ወደ ፊኛው ጡንቻ ሳይዘልቅ፣ ዕጢው በሽንት ቧንቧ በኩል ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ሳምንት ይጀመርና እንደ በሽታው ክብደት ከ1 እስከ 3 ዓመት ማጠናከሪያ ይቀጥላል። መጠኑ ከሕፃናቱ ክትባት በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚበልጥ የጤና ጣቢያው ክትባት አይተካውም።

ለማን ይመለሳል? በስፔን የተዘጋጀው የኩዌቶ ነጥብ ፆታን፣ ዕድሜን፣ ካንሰሩ ቀድሞ ተመልሶ እንደሆነ፣ የዕጢዎቹን ብዛት፣ ጥልቀታቸውን፣ የሴሎቹን አስከፊነትና ጠፍጣፋው የካንሰር ዓይነት አብሮ መኖሩን ይደምራል። ይህ የብዙ ታካሚዎች ልምድ ነው፤ የአንድን ሰው ቀደር አይናገርም።

እኛ ከነጥቡ ይልቅ ሁለት ነገር እንዲጠየቅ እንመክራለን። አንደኛው የፓቶሎጂ ወረቀቱ ነው፦ በናሙናው ውስጥ ጡንቻ አለ ተብሎ ተጽፏል? ጡንቻ ካልተገኘ ጥልቀቱ በትክክል አልታወቀም፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ዳግም መጥረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በ3ኛው ወር ፊኛው በካሜራ ሲታይ የተገኘው ውጤት ነው። ያኔ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ጥሩ ምልክት ነው። በቂ ቢሲጂ ተሰጥቶ አስከፊው ዓይነት በ6 ወር ውስጥ ከተመለሰ ግን ያንኑ መደጋገም እምብዛም አይጠቅምም፤ ሐኪሞች በቅድሚያ የሚያነሱት ፊኛውን ማውጣትን ነው። ለመስማት ይከብዳል፤ ማዘግየቱ ግን ካንሰሩ ወደ ጡንቻው እንዲገባ ጊዜ ይሰጠዋል።

ሽንቱ ደም ላለው ወይም ንቁ የሳንባ ነቀርሳ ላለበት ሰው ቢሲጂ አይሰጥም።

ረመዳንን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ በሽንት ቧንቧ የሚገባ ቱቦም ሆነ መድኃኒት ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ይሁንና መድኃኒቱ ለ2 ሰዓት ያህል ተይዞ ከተሸና በኋላ ብዙ ውኃ መጠጣት ይታዘዛል። ስለዚህ የሕክምናውን ቀን አፍጥሮ በኋላ ቀዳ ማውጣት ለታማሚ የተፈቀደ ሩኽሷ ነው።