ሕክምናው በቃሊቲ በር ላይ እንዳይቀር

ዓለም በቃኝ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ዓ.ም ሲመረቅ፣ እስረኞቹ ቀድመው ወደ ቃሊቲ ተዛውረው ነበር። እስር ቤቱ ከከተማው መሐል ወደ ዳር ወጣ፤ የተፈታ ሰው የት ይታከም የሚለው ጥያቄ ግን አብሮት ተሻገረ።

የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች (ማንዴላ በ1954 ዓ.ም ኮልፌ የሠለጠኑ ናቸው) የእስረኛ ሕክምና በነፃ እንዲሰጥ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ክትትልም እንዳይቋረጥ ያዛሉ።

በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን የሚመዘግበው ቤተሰብን ነው፤ መዋጮውም በየዓመቱ ይከፈላል። አባወራው ሲታሰር መዋጮ ከፋዩ ይጠፋል። ያኔ ምንም ያላጠፉት ሚስትና ልጆች ከመድኑ ሊወጡ ይችላሉ። እሱስ ተፈቶ ሲመጣ? ቤቱ ተበትኖ፣ መታወቂያው ጊዜው አልፎበት ከሆነ በየትኛው ወረዳ ይመዝገብ?

የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ወር ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። በ3ኛው ወር የተፈታ ሰው የሚያስፈልገው ከብሩ ይልቅ ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ነው። የስኳርና የደም ግፊት ታማሚው ግን ብሩም ያስፈልገዋል። መድኑ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር አለው። ከቃሊቲ የሚወጣ ሰው ከመፈቻው ጋር በዚያ መዝገብ ቢገባ አዲስ ሕግ መጠበቅ የሚያስፈልግ አይመስልም።