የመስማትና የሚዛን ሕክምና በአርሲ

የመስማትና የሚዛን ሕክምና (ኦዲዮሎጂ) የመስማት ችግርንና ከውስጠኛው ጆሮ የሚነሣ የሚዛን መዛባትን የሚመረምርና የሚከታተል የጤና ሙያ ነው። ባለሙያው ኦዲዮሎጂስት ይባላል። ቀዶ ጥገና የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ሥራ ሲሆን፣ ኦዲዮሎጂስቱ የመስማት አቅምን ይለካል፣ የተጎዳውን የጆሮ ክፍል ይለያል፣ የመስሚያ መሣሪያም ይገጥማል።

አገልግሎቱ

የአርሲ ዞን ዋና ከተማ አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ከወረዳዎች የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላል። በኢትዮጵያ ኦዲዮሎጂስቶች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛው አገልግሎትም ያለው በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ በአካባቢው ሊታከም የሚችለውን ሰው ሩቅ መሄድ ካለበት ሰው መለየት ትልቅ ጥቅም አለው።

መንስኤዎች

የተጠራቀመ የጆሮ ኩክና በሕፃናት ላይ የሚደጋገም የጆሮ መግል ብዙ ጊዜ በሕክምና የሚስተካከሉ ናቸው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ እንደ ጀንታማይሲንና ካናማይሲን ያሉ መድኃኒቶች እንዲሁም ከፍተኛ ድምፅ ግን ውስጠኛውን ጆሮ በዘላቂነት ሊጎዱ ይችላሉ። አርሲ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት (ካዱ) የተጀመረበት፣ ስንዴና ገብስ በስፋት የሚመረትበት አገር ነው። በትራክተርና በኮምባይነር ላይ የሚሠሩ ሰዎች የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋቸዋል፤ በቀን 8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ለሚደርስ ድምፅ ለዓመታት መጋለጥ መስማትን ይቀንሳልና።

ምርመራ

ታካሚው በጆሮ ማዳመጫ ከ250 እስከ 8,000 ኸርዝ ያሉ ድምፆችን ሲሰማ ምልክት ይሰጣል። ውጤቱ ኦዲዮግራም በተባለ ሰንጠረዥ ይመዘገባል። ቀጥሎ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ በሚቀመጥ ነዛሪ መሣሪያ ይመረመራል። በአጥንት በኩል ደህና ሰምቶ በአየር በኩል ካልሰማ ችግሩ በውጭኛው ወይም በመካከለኛው ጆሮ ነው። በሁለቱም እኩል ካልሰማ ግን ጉዳቱ በውስጠኛው ጆሮ ወይም በነርቭ ላይ ነው። መልስ መስጠት ለማይችሉ ጨቅላዎች ከውስጠኛው ጆሮ የሚመለሰውን ድምፅ የሚለካ መሣሪያ አለ።

ሚዛን

ውስጠኛው ጆሮ ሚዛንንም ይጠብቃል። በውስጡ ያሉ ጥቃቅን ጠጠሮች ከቦታቸው ሲለቁ፣ ሰው በተኛበት ሲገላበጥ ወይም ቀና ሲል ለአጭር ጊዜ ኃይለኛ አዙሪት ይይዘዋል። ባለሙያው የታካሚውን ጭንቅላት በተወሰነ ቅደም ተከተል በማዞር ጠጠሮቹን ይመልሳል፤ ብዙዎች ያለ መድኃኒት ይድናሉ። ማዞር ግን ከደም ማነስና ከሌሎች ሕመሞችም ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሞ ምርመራ ያስፈልጋል።

ጊዜ

በ3 ቀን ውስጥ በድንገት የጠፋ መስማት አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል። ሕፃን ላይ መዘግየት ቋንቋን ያሳጣል፤ በዚህም የተነሣ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ምርመራ በ1 ወር፣ ማረጋገጫ በ3 ወር፣ ድጋፍ በ6 ወር ዕድሜ እንዲደርስ ይመክራሉ። ድጋፉ የመስሚያ መሣሪያ ወይም የምልክት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከሕፃናት የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ መከላከል በሚቻሉ ምክንያቶች የሚመጣ ነው። መሣሪያ የተገጠመለት ልጅም ባትሪ መቀየርና ጆሮው ሲያድግ አዲስ የጆሮ ቅርጽ ማሠራት ስላለበት፣ ክትትሉ ከቤቱ በቀረበ ቁጥር መሣሪያውን የመጠቀም ዕድሉ ይጨምራል።